ላቀች ምድጃ፦ ጎንደር ላይ ለሚገዛት፣ ገዝቶም አልሞቅ ላለችው

ፍርዱን እናስቀድመው፦ ላቀች ትገዛ። ቡናውንም ወጡንም በከሰል ለሚሠራ ቤት ከቆርቆሮው ምድጃ ትሻላለች፤ በወጉ ከተሠራችና በወጉ ከተያዘች ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። እነዚህ ሁለት «በወጉ»ዎች ግን ቀላል አይደሉም። ቅዳሜ ገበያ ተደርድረው ከሚታዩት መካከል ስሟን ይዘው ግብሯን ያልያዙ አሉ። ደህና የተሠራችውም ብትሆን ወር ሳይሞላት «አትሞቅም» ተብላ ጓሮ ትጣላለች፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሆዷ ሥር የተኛው አመድ ነው።

ምድጃዋ የትናንት አይደለችም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገራችን ትሠራለች፤ የሸክላ ጂኮ ከሚባለው የኬንያ የከሰል ምድጃ ጋር ዘመድ ናት። ውጪዋ ቆርቆሮ ነው፣ ውስጧ ሸክላ። ከላይና ከታች ሰፋ ብላ ወገቧ ላይ ጠበብ ትላለች። ከሰሉ የሚያርፈው ላይኛው የሸክላ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ የጎድጓዳው ወለል እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ከሥሩ የአመድ ቤት፣ ለአመድ ቤቱም አንድ የቆርቆሮ በር አለ። ይህ በር ለአመድ ማውጫ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የምድጃዋ አፍንጫ እሱ ነው። እሳቱ የሚተነፍሰው በዚያ በኩል ነው፤ በሩ ሲዘጋ ወይም በአመድ ሲታፈን ከላይ የቱንም ያህል ከሰል ቢቆለል አይጋምም።

የቆርቆሮው ምድጃ በአንድ ነገር ይበልጣታል፤ ይህን ሳይናገሩ ላቀችን ማሞገስ ገዢን ማታለል ነው። ቆርቆሮ የሚያሞቀው ሸክላ ስለሌለው ከሰሉ እንደተያያዘ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ድስቱ ይሄዳል። ላቀች መጀመሪያ የራሷን ሸክላ ታሞቃለች። ስለዚህ ማለዳ አንድ ብርጭቆ ሻይ አፍልቶ የሚሮጥ ሰው ላቀችን «ሰነፍ ናት» ቢላት አልተሳሳተም፤ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሰነፍ ናት። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው የሚገለበጠው። የጋለው ሸክላ ሙቀቱን ይይዛል፣ የቆርቆሮው ምድጃ ግን በጎኑ እያፈሰሰ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት ጉልበት ያሞቃል። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲፈላ፣ ወይም ቀይ ወጥ ቀስ ብሎ ሲበስል ልዩነቱ ከሰል ጆንያው ውስጥ ይታያል።

ሲገዙ

ከሁሉ በፊት ሸክላውን በጣት አጥንት ወይም በሳንቲም መታ መታ አድርጉት። ደህና የተተኮሰ ሸክላ ይጮሃል፤ የተሰነጠቀ ወይም ጥሬ የሆነ «ድፍ» ብሎ ይቀራል። ቀጥሎ ወለሉን በጥፍር ቧጨር፤ ዱቄት ከወጣ እሳት አልጠገበም፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ ቀዳዳዎቹ እየተሸረፉ ይሰፋሉ፣ ትንንሹ ፍም ሁሉ ወደ አመድ ቤቱ ይወርዳል። እንደ ገል ዙሪያውን እኩል የቀላውን ምረጡ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ሸክላ መለየት የሚፈልግ ሰው እዚያ ያሉትን ማሰሮዎች አንድ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ቢያለማምድ ገበያ ላይ አይሞኝም።

ከዚያ ምድጃዋን ወደ ፀሐይ አንሡና በሩን ከፍታችሁ ከታች ወደ ላይ በቀዳዳዎቹ ተመልከቱ። ሰማይ በእያንዳንዱ ቀዳዳ መታየት አለበት። ገበያ ላይ ከሚገኙት ጉድለቶች ሁሉ በጣም የሚያናድደው ይህ ነው፦ ሸክላው ሲበሳ የቀረ ጭቃ፣ ወይም ሸክላውን ከቆርቆሮው ጋር ሲያጣብቁ የተንጠባጠበ ሲሚንቶ ቀዳዳውን ደፍኖት ይገኛል። እስክሪብቶ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ሳይጨነቅ ማለፍ አለበት። ሁለት ሦስቱ ከተደፈኑ በሚስማር ይከፈታሉ፤ ግማሹ ከተደፈነ ሌላ ምረጡ።

ድስት የሚያርፍባቸው ሦስት ጉልቻዎች እኩል ናቸው ወይ? ከምድጃዋ ከንፈር በላይ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ጣት ውፍረት ያህል፣ መነሣት አለባቸው። ይህ ክፍተት የጋለው አየር መውጫ ነው። አንዳንዱ ሠሪ «ሙቀት እንዳያመልጥ» ብሎ ጉልቻውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ድስቱ ከንፈሯ ላይ ልጥፍ ይልና እሳቱ ይታፈናል። ጉልቻው ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ሙቀቱ ድስቱን ሳይነካ በጎን ያልፋል።

ሸክላው ላይ ስንጥቅ አይታችሁ ስትጠይቁ አንድ መልስ ታገኛላችሁ፦ «እህቴ፣ እሳት ሲያገኘው ይገጥማል።» አይገጥምም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አይጎዳም፤ አዲሱም ሸክላ ከጥቂት ቀን በኋላ እንዲህ ዓይነቱን ያወጣል። የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ከገበያው አይውጣ።

መጠኑን በሥራው ምረጡ። ለጀበና አፏ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነች ትንሿ ትበቃለች። ለቤተሰብ ድስት ከ22 እስከ 25 የሆነችውን ውሰዱ። በትልቋ ላይ ጀበና መጣድ በከሰል መጫወት ነው።

የመጀመሪያው እሳት ቀስ ያለ ይሁን። ሸክላውም፣ በሸክላውና በቆርቆሮው መሃል ያለው ሙሌትም እርጥበት አዝለው ነው ከገበያ የሚመጡት። አንድ እፍኝ ፍም ብቻ አድርጋችሁ በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ተዉአት፤ በማግስቱ ድገሙት፤ ከዚያ በኋላ ሙሉውን ከሰል ትችላለች። በመጀመሪያው ቀን አፏ ድረስ ሞልቶ ያነደዳት ሰው የሰነጠቃት እሱ እንጂ ሻጩ አይደለም።

አልሞቅ ስትል

ምርመራው በማራገቢያ ይጀምራል። ከሰሉ ተያይዞ አሥር ደቂቃ ካለፈው በኋላ በበሩ ፊት ለፊት ለአንድ ደቂቃ አራግቡና አቁሙ። ከዚያ ፍሙን ብቻ እዩ።

ስታራግቡ ፈክቶ ቀልቶ፣ ስታቆሙ ወዲያው ከጠቆረ ችግሩ የአየር መንገድ ነው፤ ከሰሉ ደህና ነው፣ ትንፋሽ አጥቷል። እያራገባችሁትም ካልቀላ፣ ጭስና እንፋሎት ብቻ ካወጣ፣ ከሰሉ እርጥብ ነው ወይም በደንብ አልከሰለም። ከሥር ቀልቶ ከላይ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ከመጠን በላይ ተሞልታለች፣ ወይም ከሰሉ ድቃቂ በዝቶበታል። አንዱ ጎን ብቻ ከቀላ ደግሞ በሌላው ጎን ያሉት ቀዳዳዎች ተደፍነዋል፣ ወይም በሚቀላው በኩል ሸክላው ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። በዚያ በኩል ያለው የቆርቆሮ ቀለም ከሌላው ቀድሞ ተቃጥሎ ከተላጠ ስንጥቁ ነው። ፍሙ በሙሉ ቀልቶ ድስቱ ብቻ ካልፈላ ምድጃዋን ተዉአት፤ ድስቱን፣ ክዳኑንና ጉልቻውን ተመልከቱ።

ትንፋሽ ያጣችውን ለማከም መጀመሪያ የአመድ ቤቱን ባዶ አድርጉ። ጥርግ ማለት አለበት፤ «ትንሽ ቢቀር ምን አለበት» አይሠራም። አመዱ ወደ ወለሉ በቀረበ ቁጥር አየሩ የሚያልፍበት ቦታ ይጠባል፤ ከደረሰበትማ አለቀ። በየማቀጣጠያው አንዴ መጥረግ ግዴታ ነው። እንግዳ በዝቶ ቡናው ሁለት ሰዓት ከሄደ ደግሞ በመሃል አንዴ ይጠረግ። ቀጥሎ ቀዳዳዎቹን፦ ምድጃዋ ስትቀዘቅዝ ገልብጣችሁ በመዳፍ መታ መታ አድርጉ፣ የቀረውን በሚስማር ወይም በሽቦ አውጡ። ከሰል ውስጥ ያለ አፈርና ጠጠር እዚያ ይጣበቃል፤ ቅባትና ወጥ በተደጋጋሚ የሚፈስባት ምድጃ ላይ ደግሞ አመዱ ከቅባቱ ጋር ሆኖ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። በእሳት መሃል እንዳለች ከሆነ ፍሙን በቀጭን ብረት ከላይ ወደ ታች ወጋ ወጋ ማድረግ ለጊዜው ያስተነፍሳታል። ፍሙን ማማሰል ግን አይደለም፤ ማማሰል ፍሙን ሰባብሮ ያንኑ ቀዳዳ መልሶ ይደፍናል።

በሩ ወዴት ነው የዞረው? ነፋስ ወደሚመጣበት ይዙር። ግድግዳ አስጠግታችሁ ካስቀመጣችኋት ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁ። ለማቀጣጠል በሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፤ ወጡ መፍላት ሲጀምር ሲሶ ያህል ብቻ ክፍት ይቅር፤ ለማቆየት ጣት የሚያስገባ ይበቃዋል። በሩ ዝጎ አልዘጋም ካለ ከሰሉ ያለ ልክ ይነዳል፣ ሰውም «ምድጃዋ ከሰል ትበላለች» ይላል። ማጠፊያውን በፒንሳ ቀና ማድረግ ነው መድኃኒቱ።

ከሰሉ

ጎንደር ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚመጣ የ«አልሞቅ አለች» አቤቱታ ከግማሽ በላይ ከሰሉ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ጆንያው በዝናብ ተጉዞ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይሸጣል። እርጥብ ከሰል ሙቀቱን መጀመሪያ የራሱን ውኃ ለማትነን ያጠፋል፤ ድስቱ ጋ የሚደርሰው ትርፉ ነው። ለመለየት ሁለት ቁራጭ ወስዳችሁ አጋጩ፦ ደረቅና በደንብ የከሰለ ከሰል እንደ ገል ይንኳኳል፤ እርጥቡ ድምፅ የለውም። ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፦ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ መሆን አለበት። ቡናማ እንጨት ከታየ ያልከሰለ ነው፤ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ቡናውንም ያሸተዋል። ከጆንያው አፍ ላይ ያለው ሁልጊዜ ትልልቅና ያማረ ነው፤ እጃችሁን ወደ መሃል ስደዱ።

ቤት ሲደርስ ሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ሁለት ጣውላ ወይም ድንጋይ ላይ ይቁም። የረጠበውን ፀሐይ ላይ አንድ ሙሉ ቀን አስጡት። ምድጃ ዳር አድርቃለሁ ማለት እሳት ወደ ጆንያ መጥራት ነው።

የዛፉ ዓይነትም ልዩነት አለው። ከቆላው የሚመጣው የግራር ከሰል ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለመያያዝ ይለግማል፣ ከተያያዘ ግን ይቆያል። የባሕር ዛፉ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ ያልቃል። አዊ ላይ ገበሬው ለከሰል ብሎ የሚተክለው ዲከረንስም አለ፤ ተተክሎ የሚቆረጥ ስለሆነ ለሕሊናም ቀለል ይላል። ለማቀጣጠያ ከባሕር ዛፉ ጥቂት፣ ከላዩ ግራሩን ማድረግ ሁለቱንም ጠባይ ይጠቀማል።

መጠኑ ሎሚ የሚያህል ይሁን፣ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር። ትልልቁ በመካከሉ ብዙ ክፍት ቦታ ስለሚተው ፍም ለፍም አይነካካም፣ እሳቱ አይሸጋገርም። ድቃቂው ደግሞ እንደ አፈር ተኝቶ አየሩን ይዘጋል፤ በወንፊት ለይታችሁ አስቀምጡትና እሳቱ ሙሉ በሙሉ ከቀላ በኋላ ከላይ በትንሽ በትንሹ ጨምሩት። ከሰሉ የጎድጓዳውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሙላ። ከሰሉና የድስቱ ቂጥ ቢነካኩ አየሩ መዞሪያ ያጣል፤ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ይራራቁ። ጀበና ብቻ ነው ፍሙ ላይ መቀመጥ የሚችለው፤ ሆዱ ክብ ስለሆነ በዙሪያው አየር ያልፋል።

ለማቀጣጠል ጭራሮ ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። ከሥር ጥቂት ጭራሮ፣ ከላዩ ትንንሽ ከሰል፣ በሩ ክፍት። ፌስታል ማቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፤ ቀልጦም ቀዳዳ ይደፍናል። ነጭ ጋዝ ሸክላው ውስጥ ይሰርግና ቀኑን ሙሉ ይሸታል። የሚያዋጣው ብልሃት ጣሳ ነው፦ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የዱቄት ወተት ወይም የዘይት ጣሳ ላይና ታቹን ቆርጣችሁ ፍሙ ላይ እንደ ጭስ ማውጫ አቁሙት። ቁመቱ አየሩን ከበሩ ይስበዋል፤ አሥር ደቂቃ ውስጥ ያለ ማራገቢያ ይጋማል። ሲጋም ጣሳውን በጨርቅ ይዛችሁ አንሡ።

የከተማዋ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች። ውኃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ መተማ ላይ ከ97 ዲግሪ ያልፋል። ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምሩ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባቄላውና ሽምብራው ቢዘገይ ምድጃዋን አትምቷት፤ ከዋዜማው መዘፍዘፍ ወይም ፕሬሸር ድስት መጠቀም ነው። ምድጃዋን መለካት ከፈለጋችሁ በውኃ ለኩ፦ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ከሰል፣ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ ክዳን ያለው ሰፊ ድስት። ከጋመ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ካፈላች ጤነኛ ናት። ያለ ክዳን የሚለካ ሰው ትክክለኛውን አያገኝም፤ ክዳን ሳይኖር የሚባክነው ሙቀት ብዙ ነው።

ጭስ የለም ማለት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ላቀች ከቆርቆሮው ትሻላለች ማለት ቤት ውስጥ ዘግቶ ሊተኙባት ይቻላል ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ ጋሞ ጭሱ ከጠፋ በኋላም መውጣቱን አያቆምም። ፍሙ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው፤ ያልተቃጠለው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ትንፋሽ ያጣች ምድጃ ከምትፈካው ይልቅ ብዙ ታወጣለች፤ ስለዚህ «ቀስ ብላ ታሙቀን» ብሎ በሩን ዘግቶ መኝታ ቤት ማስገባት የከፋው ነው። ደጅ ተቀጣጥላ ስትጋም ትግባ፣ ገብታም መስኮት ወይም በር ክፍት ይሁን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቢሆንም ሰው ሲተኛ ትውጣ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ በአንድ ቤት ሰው ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ከመጣ ቡናው አይደለም፤ ወዲያው ወደ ውጪ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም።

ስትጨርሱ ውኃ አትድፉባት። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ከገበያ እስከ ቤት ያደረጋችሁትን ጥንቃቄ ሁሉ በአንዲት «ጭስስ» ይጨርሰዋል። የተረፈውን ፍም በመቆንጠጫ ክዳን ወዳለው ቆርቆሮ ለቅማችሁ ደጅ ክደኑት፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል፣ ለነገም ቶሎ የሚያያዝ ከሰል ይሆናል።

የሰፋ ስንጥቅ ለመድፈን፦ የተነፋ የሸክላ አፈር ሁለት እጅ፣ የተነፋ አመድ አንድ እጅ፣ ለሊጥ የሚበቃ ውኃ። ስንጥቁን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡ፣ ሊጡን በጣት ገፍታችሁ አስገቡ፣ ጥላ ውስጥ ሦስት ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ምድጃ በትንሽ ፍም ጀምሯት። ይህ ጥገና ጥቂት ወር ያስኬዳል። ወለሉ ራሱ ከተሸረፈና ሁለት ቀዳዳ አንድ ከሆነ ግን መድፈን ልፋት ነው። ቆርቆሮው ካልበሰበሰ ሙሉ ምድጃ መግዛት አያስፈልግም፤ ሸክላው ብቻ ይቀየራል። ሠሪው ጋ ስትሄዱ የድሮውን ሸክላ አፍ ስፋት በአንድ ክር፣ ቁመቱን በሌላ ክር ለክታችሁ ያዙ፤ «መካከለኛ» የሚባለው መጠን ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። አዲሱ ሸክላ ቆርቆሮው ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተው፤ ሙሌቱ የሚገባው እዚያ ነው። አስጨንቆ በመዶሻ የሚያስገባውን ሠሪ እለፉት።